ሞተር ያልገባበት መንገድ፤ ከቡርጎኝ ወይን እስከ ሽንፋ ሰሊጥ



መንገድ በተባለ ጊዜ ለመሐንዲስ በቅድሚያ የሚታሰበው የመኪና መንገድ ነው። ስፋቱ የሚለካው በመኪና፣ የንጣፉ ውፍረት የሚሰላው በጭነት መኪና ክብደት፣ ኩርባው የሚወሰነው በመኪና ፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ከመኪና በብዙ ዘመን የቀደመ ነገር ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠርም ዛሬ አብዛኛው ሰው ገበያም ሆነ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በእግሩ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ከሞተር ተሽከርካሪ ተለይቶ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የሚሠራ መንገድ በሌላው ዓለም እንዴት እንደተገኘ፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በተለይም በሽንፋና በመተማ፣ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ማሳየት ነው።

በፈረንሳይ አገር ቡርጎኝ የሚባለው ምድር በወይን ጠጁ የታወቀ ነው። የኮረብታዎቹ የወይን ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በዚህ ምድር መንገደኛው ብስክሌቱን እየነዳ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የመኪና ጥሩምባ ሳይሰማ ይጓዛል። ይህን የሚያይ እንግዳ አገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ጸጥ ብሎ የኖረ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ያ ጸጥታ ታስቦና ታቅዶ የተሠራ ነው።

ፈረንሳዮች በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት በየገጠሩ ትንንሽ የባቡር መስመሮችን ዘርግተው ነበር። መኪና ሲበዛ ከነዚህ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ሐዲዱም ተነቀለ፤ የተደለደለው አፈር፣ ድልድዩና ዋሻው ግን ቀረ። ባቡር ዳገት የማይወድ በመሆኑ የመስመሩ ተዳፋት ለስላሳ፣ ኩርባውም ሰፊ ነው፤ ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ መሠረት በቀላሉ አይገኝም። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር ያህል አሮጌ መስመር «ቮዋ ቬርት»፣ ማለትም አረንጓዴ መንገድ፣ ተብሎ ተከፈተ። መንገዱ በኋላ ወደ ማኮን አቅጣጫ ሲቀጥል 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው በቧ ክሌር የባቡር ዋሻ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። በአውሮፓ የብርድ ወራት የሌሊት ወፎች በዋሻው ስለሚያርፉ በዚያ ወቅት ለመንገደኛ ይዘጋል።

ሁለተኛው የመንገድ ምንጭ የውሃ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ሥራው የተጠናቀቀው የቡርጎኝ ቦይ 242 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ 189 የውሃ በሮች አሉት። በዳርቻው ጀልባ ጎታች ፈረሶች የሚረግጡት ጠባብ መንገድ ነበር፤ ያ መንገድ አሁን ብስክሌተኛ ያልፍበታል። አፈሩ ግን ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 የወጣ ድንጋጌ አረንጓዴ መንገድ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተከለለ መሆኑን በትራፊክ ሕግ ውስጥ አስገባ። ስለዚህ ሞተር ያልገባበት መንገድ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው የተደለደለ መሬት ነው፤ ሁለተኛው መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ነው።

ከቡርጎኝ ተነሥቶ ወደ ሽንፋ መሻገር ሩቅ ዝላይ ይመስላል። ሆኖም ብስክሌተኛ መንገደኛ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ እንግዳ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ «ቱር ዳፍሪክ» የሚባለው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር የሚሸፍነው የብስክሌት ጉዞ ለብዙ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በገላባትና በመተማ በኩል ነው። ብስክሌተኞቹ 685 ሜትር ከፍታ ካላት ከመተማ ዮሐንስ ተነሥተው፣ በገንዳ ውኃና በአይከል አልፈው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ወደ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገዱ ጠጠር ነበር፤ በኋላ አስፋልት ለበሰ። አስፋልቱ ለአገሩ ትልቅ ጥቅም አመጣ፤ ሰሊጡና ጥጡ ወደ ገበያ ፈጥኖ ወጣ። ነገር ግን ቀድሞ መንገዱን በእኩልነት ይጋሩ የነበሩት እግረኛው፣ ብስክሌተኛውና የአህያ ጋሪው ወደ ጠርዙ ተገፉ።

ሽንፋ ራሱ ስለ መንገድ የሚናገረው ብዙ አለው። የሽንፋ ወንዝ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፤ በበጋ ግን መፍሰሱን ያቆምና እዚህም እዚያም የታቆረ ውሃ ብቻ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ዳር የተገኘውን ጥንታዊ የሰው መኖሪያ ያጠኑ ተመራማሪዎች በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ከ74,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች በዚያ ዓሣ እያጠመዱና እያደኑ ይኖሩ እንደነበር አስረድተዋል። በበጋ የሚደርቁ ወንዞች ሰው ከአንዱ የታቆረ ውሃ ወደ ሌላው እየተሻገረ ርቆ የሚሄድባቸው «ሰማያዊ ጎዳናዎች» ሳይሆኑ እንዳልቀሩም ሐሳብ አቅርበዋል። ቡርጎኝ ቦዩን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ካላት፣ ሽንፋም ውሃን ተከትሎ የመጓዝ ልማድ ነበራት ማለት ነው።

በቆላው የእርሻ ቦታዎች መካከል ያሉት መንገዶች ዛሬም ለብዙ ወራት መኪና አያልፍባቸውም። የጭነት መኪና የሚበዛባቸው ሰሊጥ ታጭዶ በሚጫንበት በመኸር ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መኪናውም፣ ብስክሌቱም፣ እግረኛውም አብረው ይታሰራሉ። እንግዲህ በሽንፋ ሞተር ያልገባበትን መንገድ የሠራው ጭቃው ነው እንጂ መሐንዲሱ አይደለም። ጭቃው የሠራው መንገድ ደግሞ መኪናን ሲከለክል ወላድንም ከጤና ጣቢያ ይከለክላል። የፈረንሳዩ መንገድ መኪናን ለይቶ ያስቀራል፤ የሽንፋው መንገድ ማንንም አይለይም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሙያ ሥራ ነው።

ሥራው ምን ይጠይቃል? እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በንጣፉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት ብስክሌት ከነጂው ጋር በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በቆላው የብስክሌትና የእግር መንገድ ጠላቱ ክብደት ሳይሆን ውሃ ነው። ከዋልካው ከፍ ብሎ የተደለደለ አፈር፣ በላዩ የተመረጠ ጠጠር፣ በየረባዳው በቂ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ፣ በሁለቱም ወገን ቦይ ካለው፣ ሦስት ሜትር የማይሞላ ስፋት ያለው መንገድ ክረምቱን ሊቋቋም ይችላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር የዛፍ ጥላና በየተወሰነው ርቀት የሚጠጣ ውሃ የመንገዱ አካል እንጂ ጌጥ አይደሉም። የግራሩን እሾህ ከመንገዱ ዳር መጥረግም እንዲሁ ነው፤ ጎማ የሚበሳው እሾህ ነውና።

የመለየቱ ጉዳይ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከል የእግረኞች ድርሻ ከፍተኛ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ40 ከሚሄደው ይልቅ አራት እጥፍ የመግጨት ኃይል አለው፤ ይህም ለአረም ወይም ለአጨዳ ከደጋ ወርዶ በአስፋልቱ ጠርዝ የሚሄደውን የቀን ሠራተኛ የሚጠብቀው ኃይል ነው። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ እየሆኑ ታይተዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ከተሜው ያገኘውን ገጠሬው የሚያጣበት የሙያ ምክንያት የለም። በአውራ መንገድ ዲዛይን ላይ ከአስፋልቱ በቦይ የተለየ የእግርና የብስክሌት መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ቢሳል ወጪው ትንሽ ነው፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ግን ድልድዩን ማስፋት፣ መሬቱን ማስለቀቅ፣ ቱቦውን ማስረዘም ይመጣል።

ስለ ጎብኚ ከተነሣም፣ በቡርጎኝ ብስክሌተኛው ዝግ ብሎ ስለሚያልፍ በየመንደሩ ይበላል፣ ያድራል፣ ወይኑንም ከአምራቹ እጅ ይገዛል። ከመተማ ሰሊጥ ግን በጆንያ ሆኖ በመንደሮቹ መካከል በፍጥነት ያልፋል። የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ የዕጣኑ ዛፍ፣ በቋራ በኩል ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት የመተማ ሜዳ ዝግ ብሎ ለሚያልፍ ሰው የሚታዩ ናቸው። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። በመተማ በኩል የገባው መንገደኛ ነፍሱን ሊያድን የሸሸ ሰው ሆነ። ሰላም በሌለበት ስለ ጎብኚ ማውራት ከንቱ ነው። የእግር መንገዱ ግን ለጎብኚ ብሎ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም፤ ለተማሪው፣ ለውሃ ቀጂዋና ለሠራተኛው ዛሬ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች የሥራ መንገዳቸውን በኋላ የሽርሽር መንገድ አደረጉት፤ በሽንፋም ቅደም ተከተሉ ይኸው መሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በቆላው የሚነደፍ ማንኛውም አዲስ መንገድ፣ የሚጠገን ማንኛውም አሮጌ መንገድ፣ በመጀመሪያው ንድፉ ላይ መኪና ለሌለው ሰው የተለየ ስፍራ ይኑረው፤ ያ ስፍራም በሕግ ይከለል። ይህ መስመር በወረቀቱ ላይ ከሌለ በመሬቱ ላይ አይገኝም።