ካሜራ ስንገዛ ከቦዲው በፊት ሌንሱን እናስብ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ከተዘዋዋሪው ብድር ካሜራ ገዝተን በፎቶ ማንሳት እንሥራ ብለው ያመለከቱ ልጆች እንዳሉ ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁም «ሰው ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን ለፎቶ ማን ይከፍላል?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሁላችንም ቁጠባ ስለሆነ ምን እንደሚገዛበትና በምን እንደሚመለስ ማወቅ አለብን። እኔ በሥራው ላይ ስላለሁ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ገበያውን እንይ። እዚሁ መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። በሙስሊም እህቶቻችን ሰርግ ሴቶቹ ለብቻቸው በሚቀመጡበት አዳራሽ ወንድ ፎቶ አንሺ አይፈለግም። ሙሽራዋ ሂጃቧን አውልቃ፣ ተሽሞንሙና ስትቀመጥ የምታነሳት ሴት ትፈልጋለች። ክርስትና ደግሞ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም በማለዳ፣ ብርሃን በሌለበት። ቅዳሴ ላይ ፍላሽ ማብረቅ ደግሞ ነውር ነው። ስልክ የሚያቅተው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ደንበኛ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ካሜራ ስንመርጥ ዋናው ጥያቄ «በደብዛዛ ብርሃን ምን ያህል ያነሳል?» የሚለው ነው።

መልሱ በአብዛኛው ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ለጀማሪ የሚሸጥ ካሜራ ብዙውን ጊዜ 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ይመጣል። ይህ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሽ ሌንስ ግን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የኤፍ ቁጥር ባነሰ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ይህን ብቻ ያዙ። በካነንም በኒኮንም ይህ ሌንስ ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ይህ ማለት ግን 18-55ቱ ይጣል ማለት አይደለም። በጀማሪ ካሜራ ላይ 50ው ሲገጠም በካነን እንደ 80፣ በኒኮን እንደ 75 ሚሊ ሜትር ያቀርባል። ለሙሽራዋ ፊት ግሩም ነው፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ግን ቤተሰቡን በሙሉ ለማስገባት ወደ ኋላ መሸሻ ይጠፋል። ለቡድን ፎቶ 18-55ቱ፣ ለፊትና ለደብዛዛ ብርሃን 50ው። በእነዚህ ሁለት ሌንሶች ሥራ ይጀመራል።

ሻጭ ሜጋፒክስል ቢቆጥርላችሁ አትደናገጡ። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ጥርት ብሎ ለመታተም 8 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃዋል። አሮጌው 18 ሜጋፒክስል ካሜራ ለአልበም ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ገንዘብ ያስበላሉ። አንደኛው፣ የኒኮን ዲ3000ና ዲ5000 ተከታታዮች በውስጣቸው የሌንስ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትሩ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል መሆን አለበት። «ኤኤፍ-ዲ» ከሆነ ይገጠማል፣ ግን በራሱ አያጠራም፤ በእጅ ማዞር ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ካነን 250ዲ፣ 2000ዲና 4000ዲ ፍላሽ መቀመጫቸው መሃል ላይ የሚገኘው ክብ ነጥብ የላቸውም። «ለሁሉም ካሜራ ይሆናል» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ፍላሾች በእነሱ ላይ አይበሩም።

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንደማይጨበጥ ነጋዴዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ምክሬ ቦዲው ያገለገለ ይሁን፣ የተረፈው ገንዘብ ለ50ው ሌንስ፣ ለሁለተኛ ባትሪና ለሁለት ሚሞሪ ካርድ ይዋል ነው። ባትሪ አለቀ ተብሎ ሰርግ አይቆምም።

ያገለገለ ስትገዙ በቀን ብርሃን ሂዱ። ሌንሱን በስልክ መብራት አሳልፋችሁ እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ቀዳዳውን ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራው ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። ስንት ጊዜ እንዳነሳም ጠይቁ፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ብዙ ካሜራዎች መዝጊያቸው የሚገመተው ለ100,000 ያህል ፎቶ ነው። ቅርብና ሩቅ እያነሳችሁ ሌንሱ በራሱ ሲያጠራ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

አሁን ወደ ብድሩ። የፎቶ ገቢ በየወሩ እኩል አይደለም። ጥር ላይ ሰርግ ይበዛል። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ በረመዳንም የሙስሊሙ ሰርግ ጋብ ይላል። ሰኔና ሐምሌ ምረቃ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ብድሩ የሚሰጥ ከሆነ ልጆቹ ከጥር በፊት እንዲለማመዱ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ክፍያው በሥራ ወራት ከፍ፣ በጾም ወራት ዝቅ እንዲል ይወሰን። እኩል ክፍያ ከጫንንባቸው ጾሙ ሳያልቅ ካሜራው ተመልሶ ይሸጣል፤ ማኅበሩም ልጆቹም ይከስራሉ።

«ይህ የወንድ ሥራ ነው» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረውን አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችው የአዲስ አበባ ተወላጇ አይዳ ሙሉነህ ናት። ልጆቻችን የሚጠይቁን ዝናን አይደለም፤ ያገለገለ ቦዲ፣ ሁለት ሌንስና ከወቅቱ ጋር የሚሄድ የክፍያ ጊዜ ነው። እጃችሁን ስታወጡ ይህን አስቡልኝ።