የሳይነስና የአንጀት ሕመም ለተደራረበባቸው ሰዎች

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር)



በየሰፈሩ «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ደግሞ «ሆዴም ሰላም የለውም፤ አንድ ቀን ይደርቃል፣ አንድ ቀን ያስቀምጠኛል፣ ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል» ይላሉ። ለግንባሩ ከሱቅ ካፕሱል ይገዛሉ፤ ለሆዱ ደግሞ የአሜባ ክኒን ይጨምራሉ። ለዚህ ሲባል ከራሽኑ ላይ ተቀንሶ የሚሸጥበት ቤትም አለ። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ለአፍንጫችን ብለን ያለ ምርመራ የምንውጠው መድኃኒት ሆዳችንን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድነት አስበን መታከም አለብን።

በመጀመሪያ ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም። በግንባራችን፣ በጉንጫችንና በዓይኖቻችን መካከል ባለው አጥንት ውስጥ የሚገኙ ክፍት ቦታዎች ስም ነው። ወደ አፍንጫ የሚወስደው ቀዳዳቸው ሲያብጥና ሲዘጋ አክታው ይጠራቀማል፤ ፊት ይከብዳል፣ ሽታ ይጠፋል። በጉንፋን ምክንያት የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ያለ ካፕሱል ይድናል። ከ12 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሥር የሰደደ ይባላል። እዚህ ቱርካና ውስጥ አቧራውና የማገዶው ጭስ ያባብሰዋል። ከአንድ አፍንጫ ብቻ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወርድ ከሆነ ምክንያቱ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሊሆን ይችላልና ጥርሳችሁንም አስመርምሩ።

ሁለተኛው በቀላሉ የሚታወክ አንጀት ነው። በዚህ ሕመም አንጀቱ አይቆስልም፤ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የአንጀቱ አሠራርና ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት ተዛብቶ ነው። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያብሱታል። ይህ ማለት ግን ሕመሙ የሐሳብ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም፤ ቁርጠቱ እውነተኛ ነው። ከዚህ በፊት ግን አሜባና ጃርዲያ አለመኖራቸው በሰገራ ምርመራ መታየት አለበት። ሳይመረመሩ የአሜባ ክኒን በየወሩ መዋጥ ሕክምና አይደለም።

ሁለቱ ሕመሞች የሚገናኙት እንዴት ነው? እንደ አሞክሳሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ያሉት አንቲባዮቲኮች ጎጂውን ጀርም ብቻ ለይተው አይገድሉም። በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ያጠፋሉ፤ ተቅማጥና መነፋት ያስከትላሉ። ለፊት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ያቆስላሉ። ለሕመም ማስታገሻ፣ ሐኪም ካልከለከላችሁ፣ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይሻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለአፍንጫ፦ አንድ ብርጭቆ (ሩብ ሊትር) ውኃ አፍሉ፤ ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ለብ እስኪል አቀዝቅዛችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ፣ መርፌ በሌለው ንጹሕ ስሪንጅ ቀስ እያላችሁ አፍንጫችሁን እጠቡ። ያልፈላ የቧንቧ ወይም የጀሪካን ውኃ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ ገዳይ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ስሪንጁንም ለሌላ ሰው አታውሱ። ክሊኒኩ የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ ካዘዘላችሁ በየቀኑ ተጠቀሙበት፤ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ አትተዉት። ሥራው በአብዛኛው እዚያው አፍንጫ ላይ ስለሆነ ሆድን እንደ ካፕሱል አያውክም። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችን ግን ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀሙ፤ መልሰው ይዘጋሉ።

ለአንጀት፦ የበላችሁትንና የተሰማችሁን ለሁለት ሳምንት አስታውሱ ወይም ጻፉ። ባቄላና አተር ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ ቀቅሉ፤ መነፋቱ ይቀንሳል። ብዙ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ቡናና በርበሬ ከሚያስቸግሩት መካከል ናቸው። ነገር ግን አንድ በአንድ ቀንሳችሁ ሞክሩ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትተዉ። ራሽኑ ራሱ ውስን ነውና ምግብ በመከልከል ሰውነታችንን መጉዳት የለብንም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ያለ ሐኪም ምክር ምግብ አትከልክሉ። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ይነሳል። በየቀኑ በእግር መሄድ ይረዳል።

ሐኪሙ መርምሮ አንቲባዮቲክ ካዘዘላችሁ እንዳዘዘው ውሰዱ፤ አንጀታችሁ በቀላሉ እንደሚታወክ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። የተረፈ ካፕሱል ለጎረቤት መስጠት ደግነት ቢመስልም ጉዳት አለው።

ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ መሄድ ያለባችሁ የሚከተሉት ሲታዩ ነው፦ የዓይን አካባቢ ሲያብጥ ወይም እይታ ሲደበዝዝ፣ ከባድ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ፣ ሰገራ ደም ሲቀላቀልበት ወይም እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ያለ ምክንያት ስትከሱ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሳችሁ፣ ወይም የሆድ ሕመሙ የጀመረው ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ከሆነ።

እነዚህ ሁለት ሕመሞች በአንድ ቀን አይለቁም፤ በትዕግሥት ከያዝናቸው ግን ይቀልላሉ። ለካፕሱል የምታወጡትን ገንዘብ ለልጆቻችሁ ምግብ አውሉት፤ ክሊኒክ ስትሄዱም ሁለቱንም ሕመም ለአንዱ ሐኪም በአንድ ጊዜ ንገሩት።