ጠጕር ስለ ማደጉና ስለ መርገፉ የተደረገ ንግግር



ከተስቦ የዳነ ልጅ፥ ወይም የወለደች ሴት፥ ሁለት ሦስት ወር ከቈዩ በኋላ ጠጕራቸው በሚዶ ላይ በብዛት ሲረግፍ ይታያል። ጎረቤትም ዓይን በላቸው ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጕር አለ። እያንዳንዱም ሥሩ በቆዳ ውስጥ እንደ ሰገባ ባለች ከረጢት ተተክሎ ይኖራል። በከረጢቲቱ ግርጌ አንዲት እምቡጥ የምትመስል ጕብታ አለች። ከእርሷና በዙሪያዋ ካሉት ሕዋሳት ፕሮቲን የሚባል ነገር እየወጣ እንደ መልእክተኛ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይሄዳል። «ዊንት» የተባለው መልእክተኛ ሲደርስ ሕዋሳቱ ይባዛሉ፥ ጠጕሩም ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል።

ከዚያም «ይብቃ» የሚሉ ሌሎች ይመጣሉ፤ አንዱ ኤፍ ጂ ኤፍ 5 ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ሊቃውንት ይህ የጎደላቸውን አይጦች ቢመረምሩ ጠጕራቸው ከልክ በላይ ረዝሞ አገኙት። የብዙ ድመትና ውሻ ጠጕር መርዘምም ከዚሁ ጕድለት የመጣ ነው።

ትእዛዙ በደረሰ ጊዜ የከረጢቲቱ ታችኛ ክፍል በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይሟሽሻል፤ ከዚያም ጦም እንዳደረ እርሻ 3 ወር ያህል ታርፋለች። በጤነኛ ሰው ከ100 ጠጕር በዕረፍት ላይ ያለው 10 ያህሉ ነው። ብርቱ ትኵሳት ግን ብዙውን ባንድ ጊዜ ያሳርፈዋል፤ መርገፉም ከበሽታው በኋላ የሚዘገየው ስለዚህ ነው። ከረጢቲቱ ስላልሞተች ጠጕሩ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ቆረቆር ግን ሌላ ነው። ቍስሉ ከረጢቲቱን ወደ ጠባሳ ከለወጣት ጠጕር ዳግመኛ አይበቅልባትምና፥ መምህሩ እንዲህ ያለውን ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይስደደው።