ወደ ሸናንዶዋ ከመውረዳችን በፊት
(ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የመዝናኛ ኮሚቴው የአሥረኛውን ዓመት የቤተሰብ ጉዞ አስመልክቶ ማብራሪያ እንድሰጥ አዞኛል። ይኸውም እንደ ልማዳችን ፓርክ ውስጥ ሥጋ ጠብሶ ከመመለስ ይልቅ፣ በአስጎብኚ መሪነት በጎማ ጀልባ ወንዝ ስለመውረድ ነው። አንዲት እናት «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እኛ ከወንዝ ጋር የምንታገለው?» ብለውኛል።

የታገሉማ አሉ። በ1968 እ.ኤ.አ. በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን ዓባይን በጎማ ጀልባ ወርዷል። ነገር ግን ኢያን ማክሊዮድ የተባለው ወታደር የዓባይ ገባር የሆነ ወንዝ ሲሻገር ውኃ ወስዶት ቀርቷል። ሰውየው የሠለጠነ ነበር።

ወጣቶቻችን ዌስት ቨርጂኒያ ያለውን ጋውሊን ይፈልጋሉ። የወንዝ አስቸጋሪነት ከአንድ እስከ ስድስት በደረጃ የሚመደብ ሲሆን፣ በመስከረምና በጥቅምት ከሳመርስቪል ግድብ ውኃ ሲለቀቅ የላይኛው ጋውሊ አምስት ቦታ ላይ ደረጃ 5 ይደርሳል። ይህ ለለመደ ሰው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ሐርፐርስ ፌሪ አጠገብ ሸናንዶዋን መርጧል፤ ከሄርንደን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ደረጃውም ከ1 እስከ 3። ወጣቶቹ «ይሄማ የሕፃን ገንዳ ነው» ብለዋል። ቡል ፎልስን ሲያዩ እንነጋገራለን።

ቀኑ ላይ ብዙ ተከራክረናል። በሚያዝያ ውኃው ይሞላል፣ ይቀዘቅዛልም፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ እሑድ ቅዳሴ አለ። ሙስሊም አባሎቻችንንም ጠይቀን፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ያለው ቅዳሜ ተመርጧል። ያን ጊዜ ውኃው ስለሚጎድል ጀልባው ድንጋይ ላይ ሊቆም፣ እኛም ወርደን ልንገፋ እንችላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከጉዞው በፊት የሚሞላ ፎርም አለ፤ ዋና መቻልን፣ የልብና የደም ግፊት ሕመምን ይጠይቃል። ከዓመታት በፊት ከልጄ ጋር ሌላ ወንዝ ስወርድ፣ «ዋና ትችላለህ?» ለሚለው «አዎን» ብዬ ፈርሜአለሁ። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ቦርከና ላይ ከጉልበት ያለፈ ውኃ ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያነብ ነበርና አፈርሁ።

ጀልባው ዘንበል ሲል ወደቅሁ። ጃኬቱ አንሳፎኝ ነበር፤ እኔ ግን ደንግጬ ለመቆም እግሬን ሰደድሁ፤ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ። ውኃው ከኋላ እየገፋ በፊቴ ደፋኝ። እግሬ ከጫማዬ ሾልኮ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር የሚያቀርብላችሁ ሌላ ሰው ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ «አባዬ!» እያለ ሲጮኽ እሰማዋለሁ፤ መልስ መስጠት አልቻልሁም። በአስጎብኚው አልፈርድም፤ የነገርሁት ውሸት ነው።

ስለዚህ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ውኃው ወደሚሄድበት አንሥቶ ይንሳፈፍ፤ ውኃው ጸጥ ሳይል አይቁም። ነጠላ ጫማ አይፈቀድም። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ከወንዙ የሚቀሩት አባላት ከተማው ውስጥ ያዞሯቸዋል፤ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ሊያጠፋ ተነሥቶ የተከበበበት ቤት እዚያው ነው፤ ለልጆቹ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ፎርሙ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤታችሁ ወስዳችሁ፣ ማንም ሳያያችሁ ሞልታችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ መልሱልን። እኔ የራሴን ሞልቻለሁ፤ «ዋና አልችልም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌአለሁ።