ሰንጠረዥ እና የወረራው ናፍቆት



ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ የሚታሰበው ቁጥር የሚደረደርበት መስመርና ዓምድ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል ኢትዮጵያ የደረሰው የጥንቱ ጨዋታ ስሙን ለመዝገብ አውርሶ፣ ስፍራውን «ቼዝ» ለሚባለው ለአውሮፓው ዘመዱ ለቅቋል።

የመንዝና የግሼ ደጋ ለዚህ ጨዋታ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508–1540) ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ልጃቸው አቤቶ ያዕቆብ በግራኝ ጦርነት ዘመን መንዝ ውስጥ እንደ ተሸሸጉ በትውፊት ይነገራል፤ የአጋንቻው ነጋሢ ክርስቶስና ከእርሳቸው የወረዱት የሸዋ ገዥዎችም የዘር ሐረጋቸውን ከዚያ ይቆጥሩ ነበር። ኋላም እቴጌ ጣይቱ ከበገናው ጋር ሰንጠረዡን አሳምረው ያውቁ ነበር። እረኛው መሬት ቆፍሮ ገበጣ ሲጫወት፣ ሰንጠረዥ በአብዛኛው የመኳንንት ቤት ጨዋታ ሆኖ ኖረ፤ ዕድሜው ያጠረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ገበታው ብዙ ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ለ64 የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ነበረ። ቤቶቹ እንደ ቼዝ በጥቁርና በነጭ አይለዩም። በላዩ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ በቼዟ ንግሥት ስፍራ ቢቆምም ከአንድ ቤት በላይ በሰያፍ መራመድ የማይችል ምስኪን አማካሪ ነው። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል።

የጥንት ተጫዋች ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቀው ግን ወረራውን ነው። በቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ይጠብቃል፤ በሰንጠረዥ መክፈቻ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ባላንጣዎች የፈለጉትን ያህል በአንድነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሰልፉን ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው። እንግዲህ ጥበቡ መቼ መብላት እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ የቸኮለ ባልተሰናዳ ሠራዊት ይዋጋል፣ የዘገየም ባላንጣው እስኪሰናዳ ይጠብቃል። የዘመቻ አገር ሰው ይህን ጨዋታ መውደዱ አያስገርምም።

ማሸነፍም ማዕርግ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይከበራል፤ በመደቅ የያዘማ እጅግ ይመሰገናል። ንጉሡን በተራ ወታደር እጅ ማስማረክ በመኳንንቱ አዳራሽ መወደሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቷል፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንም ስለዚሁ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ደንቡን ሲያሳትሙ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ነበሩ።

ስለዚህ ደንቡ አልጠፋም፤ ጨርቅና ጠጠር ያለው ሰው ዛሬም አንብቦ ሊጀምር ይችላል። ወረራው ግን ተራ ስለሌለው እንደ ቼዝ ጨዋታ በቁጥር ተመዝግቦ ለተማሪ የሚተላለፍ አይደለም። የሚለመደው ከሚያውቅ ሰው ፊት ተቀምጦ፣ እጁን እያዩ ነበረ።