በቀጥታ መስመር ስለሚሄድ ነገር
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር)



ከየትምህርቱ ዓይነት አንዳንድ ንግግር እንዲቀርብ በተወሰነ ጊዜ ለእኛ የደረሰን ፊዚክስ ነው። ይህን ሲሰሙ ከታናናሾቻችን አንዳንዶቹ ፊታቸውን ማኮማተራቸውን ከዚህ ሆነን አይተናል። ነገር ግን የምንናገረው ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሁላችንም ስለምንሻገረው መንገድ ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡን።

የእንቅስቃሴ ትምህርት የሚጀምረው ብዙውን ነገር በመተው ነው። አውቶቡስም ቢሆን፤ በቅሎም ቢሆን፤ ሯጭም ቢሆን እንደ አንዲት ነጥብ ይቈጠራል፤ ቀለሙ፣ ክብደቱ፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ነጥቧ በዚህ ጊዜ የት ነበረች፤ በዚያኛው ጊዜስ የት ደረሰች የሚለው ብቻ ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። መንገዱን ለጊዜው ብናካፍለው በየሰከንዱ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም መካከለኛ ፍጥነት ይባላል። ይሁን እንጂ ሩጫው የተጀመረበት ካፒቶሊኖ ኰረብታ ከተፈጸመበት ከቈስጠንጢኖስ ቅስት በቀጥታ ቢለካ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የተሮጠው መንገድና ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ርቀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በፈተና ላይም ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

መካከለኛ ፍጥነት በመንገዱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ አይነግረንም። ሯጩ በመጨረሻ መፍጠኑን፤ መኪናው መሐል ላይ መቆሙን ይሸፍናል። የፍጥነትን መለወጥ በጥንቃቄ ከለኩት ሊቃውንት አንዱ ኢጣልያዊው ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ነው። በ1638 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፤ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ቦይ አስቈፍሮ ድቡልቡል ናስ እያንከባለለ፤ ሰዓት እንደ ዛሬው ስላልነበረው ከዕቃ የሚፈስሰውን ውሃ እየመዘነ ጊዜውን ለካ።

እኛም በቤተ ሙከራችን የተቦረቦረ ጣውላ፣ አንዲት ብይና የተበሳ ጣሳ ይዘን ይህንኑ ሞከርን። ውሃው በተንጠባጠበ ቍጥር ብይዋ የደረሰችበትን በጠመኔ ምልክት አደረግን። በመጀመሪያው ጠብታ አንድ እጅ ከሄደች፤ በሁለተኛው ሦስት እጅ፤ በሦስተኛው ወደ አምስት እጅ ትሄዳለች። ሲደመር አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ ነው። ጊዜው ሁለት እጥፍ ሲሆን መንገዱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ ፍሬን የተያዘበት መኪና ያቺው ብይ ወደ ኋላ ስትታይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ መኪና ፍጥነቱን ለመጨረስ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ መካከለኛ ፍጥነቱ እጥፍ ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት! እጥፍ የሮጠ እጥፍ ርቀት ይበቃዋል ብለው የሚገምቱ ብዙዎች ስለ ሆኑ ይህን ደግመን እንናገራለን፤ የሚያስፈልገው አራት እጥፍ ነው።

ከትምህርት ቤታችን በር እስከ መታጠፊያው ያለውን መንገድ በሜትር ለካን፤ 34 ሜትር ሆነ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለ ሾፌር በሩን አያይም። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ሆኖ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል፤ ሾፌሩም ልጅ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ይለፍ።

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። በአንዱ ሰከንድ 10 ሜትር፣ ፍሬን ከያዘ በኋላ 10 ሜትር፤ በ20 ሜትር ላይ ይቆማል። በክረምት መንገዱ ሲረጥብና የፍሬኑ ኃይል በግማሽ ሲቀንስ ግን 30 ሜትር ይፈልጋል፤ ለልጁ የሚተርፈው 4 ሜትር ነው።

በደረቁ መንገድ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚሄደው 37 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። በበራችን ፊት ሲያልፍ ገና በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ72 የሚመጣው ደግሞ ፍሬኑን ሳይነካ 20 ሜትር ስለሚያልፍ የቀረው 14 ሜትር ብቻ ነው፤ ከልጁ ዘንድ የሚደርሰው በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ልብ በሉ፤ ሦስቱም ሾፌሮች ልጁን ያዩት በአንድ ቦታ ነው፤ ሦስቱም ፍሬን ለመያዝ አልዘገዩም።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ እንዳይቀር የእጅ ሥራ ክፍል ወንድሞቻችን «ትምህርት ቤት አለ፤ ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ሰሌዳ ሠርተዋል። ሰሌዳው ከበሩ አጠገብ ቢተከል ያምራል ያሉን ነበሩ፤ ለዓይንስ ያምር ይሆናል። ነገር ግን በ72 የሚመጣ ሾፌር ከመታጠፊያው ሲደርስ ፍጥነቱ 36 እንዲሆን ካስፈለገ፤ ለማሰቢያ 20 ሜትር፣ ለመቀነሻ 30 ሜትር ያሻዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ከመታጠፊያው ቢያንስ 50 ሜትር ቀድሞ መቆም አለበት። እኛም ትናንት ለክተን ቦታው ላይ ሦስት ነጭ ድንጋዮች አኑረናል። የመንገዱ አስተዳዳሪዎች ፈቅደውልን ጉድጓዱን ለመቆፈር፤ ከእናንተ መካከል ዶማ ያለው አባት ቢያውሰን በጣም እናመሰግናለን።