በቡና አገር የትንሽ አውቶሞቢል አያያዝ



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ ታላቅ ጉዳይ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ባለቤቷ ከሥራ እስኪወጣ ድረስ ስለምትጠብቀው፥ ከመሬት ከፍ ብላ ስለ ተሠራችው ትንሽ አውቶሞቢል ነው። ራቭ ፎር ትሁን፥ ቴሪዮስ ወይም ቪታራ፥ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በሰቃ፥ በሰርቦ የምትመላለሰው እርስዋ ናት።

ትንሽ የሚያሰኛት መልኳ እንጂ ዋጋዋ አይደለም። ደመወዝተኛ ሰው አንዲት ያገለገለች አውቶሞቢል የሚገዛው ከዕቁብ፥ ከብድር፥ አንዳንድ ጊዜም ከባለቤቱ ጌጥ ሽያጭ አጠራቅሞ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚመጡ አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለችው ሞተሯ ቢቃጠል በቀላሉ «ሌላ አመጣለሁ» የሚባልባት አይደለችም ማለት ነው።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው የዚህች አውቶሞቢል ጠባይ ነው። ከፍ ብላ ስለምትታይ ብዙ ሰው የገጠር መኪና ትመስለዋለች። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ራቭ ፎር በ1994 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ፋብሪካው የሠራት ከኮሮላና ከካሪና ብዙ ዕቃ እየወሰደ ነበር፤ እንደ ላንድ ክሩዘር ራሱን የቻለ ወፍራም ሻንሲ ከሥሯ የላትም። በ1997 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለችው ቴሪዮስም አራቱም ጎማዎቿ የሚነዱ ቢሆኑ፥ ይህን ሁሉ የምትሠራው በ1.3 ሊትር ሞተር ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. የተጀመረችው ቪታራ ሻንሲ ነበራት፤ ሞተሯና ፍሬኗ ግን የትንሽ መኪና ነው። የከተማ ሰው የገበሬ ቦቲ ስለ ተጫማ ብቻ ገበሬ እንደማይሆን ሁሉ፥ እርስዋም ከፍ ስላለች ብቻ የጭነት መኪና አትሆንም።

ይህን እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግቤ ቁልቁለት ነው። በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ እሄድ ነበር። ሶኮሩን አልፈን፥ አበልቲን ለቅቀን፥ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመርን። ማርሹን ዲ ላይ ትቼ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ እወርድ ነበር። ከቁልቁለቱ አጋማሽ እንዳለፍን የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ባለቤቴ በመንገድ ዳር ከሰል የሚያከስሉ መስሏት መስኮቱን ዘጋች። ቀጥሎ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ ፍራሽ የረገጠ ያህል ወደ ወለሉ ሰመጠ። ደግሜ ብረግጥም ያው ሆነ። ማርሹን ወደ 2፥ ከዚያም ወደ ኤል አወረድሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብሁ በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስጠጋኋት። ቆመች። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበርና አልነቁም።

ከኋላችን ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና አንድ ሸበቶ ሾፌር ወረዱ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ጋሼ፥ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አልኋቸው።

እጃቸውን ወደ ቸርኬው አስጠግተው፥ ሳይነኩት ወዲያው መለሱትና፥ «በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ማርሽ ለዳገት ብቻ የተሠራ መሰለህን? ይህን ቁልቁለት ዳገት ቢሆን በስንተኛ ትወጣው ነበር? በዚያው ውረደው» አሉኝ። ፍሬኑ በራሱ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል እንድንቆይ አዘዙን፤ ልጨምርበት ያነሣሁትን ውኃም፥ የጋለ ብረት ድንገት ሲበርድ ይሰነጠቃል ብለው ከለከሉኝ።

አዲስ አበባ ገብቼ ሳስመረምራት የፍሬኑ ሸራ ገና ከግማሽ በላይ ነበረ። ጥፋቱ የፍሬኑ ዘይት ነው። አውቶሞቢሏን ከገዛኋት 6 ዓመት ሲሆናት ዘይቱ ጎደለ በተባለ ቁጥር ይጨመርበታል እንጂ አንድ ቀን ተለውጦ አያውቅም ነበር፤ ይህም የማንም ሳይሆን የእኔው ስንፍና ነው። መካኒኩ ከውስጥ ያወጣውን በብርጭቆ ቀድቶ ቢያሳየኝ እንደ አቦል ቡና ጠቁሯል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው። በዕቃው ላይ ዶት 3 የሚል የተጻፈበት ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ሳይፈላ ይችላል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት የጋለው ብረት ዘይቱን ሲያፈላው በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃልና የእግራችን ኃይል ወደ ጎማው አይደርስም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም የምታገኝ አገር ናት። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። የተከፈተውንም ጠርሙስ ለከርሞ ብላችሁ በቁም ሣጥን አታስቀምጡት፤ ከተቀመጠበትም ቦታ ሆኖ ይጠጣል።

ከቁልቁለቱ ግርጌ የሚጀምረው ዳገት ደግሞ የራዲያተሩ ፈተና ነው። የግቤ ሸለቆ ከጅማ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለና ሞቃት ስለ ሆነ፥ ትንሿ ሞተር ሙሉ ቤተ ሰብና ጓዝ ተሸክማ ከዚያ ስትወጣ ትጨነቃለች። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ በክፍት ድስት የተጣደ ውኃ 100 ሳይሆን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በሞተር ውስጥ ያለው ውኃ እንዲህ ቶሎ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ነው፤ ደህና ክዳን የመፍያውን ልክ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ግን ይህ ጥቅም ሁሉ ይቀራል። ሰው ራዲያተሩን ያስበይዳል፥ ፓምፑን ያስለውጣል፥ ክዳኑን ግን ማንም ልብ አይለውም። የጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፊትን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ሞተሩ ሳይበርድ አይነካ።

የወንዝ ውኃ ከመንገድ ዳር እየቀዱ መጨመርም ልማዳችን ሆኗል። በመንገድ ላይ ለቸገረው ሰው ይህ አይነቀፍም፤ ከቤት ከደረሱ በኋላ ግን አስፈስሶ በተገቢው ኩላንት መተካት ያስፈልጋል። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ግን ብረትን ከዝገት መጠበቅም ነው። በዝገት የተደፈነ ራዲያተር ሞተሩን ያግላል፥ የጋለ ሞተር ጓርኒሲዮኑን ይበላል፥ ቴስታታውም ይጣመማል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀውን ገንዘብ በዚህ ማይክሮፎን ፊት ባልናገረው ይሻላል።

ካንዴላ፥ ጓርኒሲዮን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከጣልያኖች ቋንቋ የቀሩልን ናቸው። ሰዎቹ በ1933 ዓ.ም. ሄዱ፤ ቃላቸው ግን በየጋራዡ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሁን ከአስፋልቱ እንውረድ። ከጅማ እስከ አጋሮ ያለውን ዋና መንገድ ትተን ወደ ጌራ ወይም ወደ ሊሙ ቀበሌዎች የገባን እንደ ሆነ ክረምት ቀይ ጭቃ፥ በጋ ቀይ አቧራ ይጠብቀናል። ጭቃው ከሥር እየገባ ይደርቃል፤ ስለዚህ አውቶሞቢሏን ስናሳጥብ ከላይ እንድታበራ ብቻ ሳይሆን ከሥር፥ ከፓራፋንጎው ውስጥና ከራዲያተሩ ፊት ጭቃው እንዲወጣ ማዘዝ ይገባናል። አንዳንድ አጣቢዎች ካጠቡ በኋላ ዝገት ይከላከላል ብለው የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ከሥር ይረጫሉ። ለብረቱ ይጠቅም ይሆናል፤ ከሥር ያሉትን ላስቲኮች ግን ያሳብጣል፥ ያላሽቃልም።

ከነዚህም ላስቲኮች አንዱ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከካምቢዮው ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰውን ሴሚያስ ጫፍ የሚሸፍን፥ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ላስቲክ አለ። ውስጡ ግራሶ ነው። ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፥ ጭቃ ይገባል፤ የመገጣጠሚያው ብረትም እንደ ወፍጮ ይፈጫል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ ስትነሡ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማችሁ እንደ ሆነ ጊዜው አልፏል፤ አሁን የሚለወጠው ላስቲኩ ሳይሆን ብረቱ ነው። ክረምት ሳይገባ፥ በግንቦት ወር፥ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ በባትሪ ብርሃን ማየት ይበቃል። ከጎማው በስተ ውስጥ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ካለ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው።

አቧራው ደግሞ በቡና መልቀሚያ ወራት ይብሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀይ ቡና የጫኑ መኪናዎች በየመንገዱ ይመላለሳሉና ከኋላቸው የሚነዳ ሰው ፊቱን አያይም። ያ አቧራ ወደ ሞተሩ የሚገባበት በር የአየር ፊልትሮው ነው። ፋብሪካው በመጽሐፉ የጻፈው የመለወጫ ልክ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ እንዳልሆነ ራሱ መጽሐፉ ይናገራል፤ አቧራማ በሆነ ስፍራ ቶሎ ቶሎ ይታይ ይላል። የወረቀት ፊልትሮ በውኃም በቤንዚንም አይታጠብም፤ ወረቀቱ ከተበሳ ሞተሩ ያለ ፊልትሮ እንደሚሠራ ይቈጠራል። የሞተሩንም ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ለእንዲህ ያለው አገር የሚስማማ ነው።

በመልቀሚያው ወራት ሌላም ፈተና አለ። ዘመድ ከአጋሮ ይደውልና «ወንድሜ፥ መቼም ባዶህን ነው የምትመለሰው፤ ትንሽ ቡና ጫንልኝ» ይላል። ይህችን «ትንሽ» የምትለውን ቃል መርምሯት። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ 20 ፈረሱላ 340 ኪሎ ይሆናል። ነጂውና ባለ ቡናው ሲጨመሩ 480 ኪሎ ገደማ ደረሰ። ከእነዚህ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ሰውን ከነጓዙ የሚሸከሙት ወደ 400 ኪሎ ገደማ ነው። የኋላው ሱስታ ይረግባል፥ ቦልጆይንቱ ይላላል፥ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል፤ ባለ ቡናው ግን ለኩሽኔታ መግዣ ብሎ የሚሰጠው ነገር የለም። ለዘመድ እምቢ ማለት በአገራችን ቀላል እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጭኛለሁ።

ያገለገለች አውቶሞቢል የገዛ ሰው በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የኪሎ ሜትር ቍጥር እንደ ምስክር አይቀበል፤ ወደ ኋላ የሚመልሱት ሰዎች አሉ። በመጀመሪያዋ ራቭ ፎር ሞተር ላይ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጥ ነው፤ መቼ እንደ ተለወጠ የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ ማስለወጥ ይሻላል። አራቱም ጎማ በሚነዳባት አውቶሞቢል ላይ አንዱን ጎማ አዲስ፥ ሌላውን ያለቀ አድርጎ መግጠምም ዲፈረንሻሉን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ፥ በተለይ በአውቶማቲኮቹ ላይ፥ ከመጽሐፉ የታዘዘው ዓይነት ካልተገኘ «ይህም ያው ነው» በሚል ቃል አትታለሉ። ለመለዋወጫ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ሶማሌ ተራ፥ ሰው የምትልኩ እንደ ሆነ የአሮጌውን ዕቃ ቍጥር ጽፋችሁ፥ ቢቻልም ዕቃውን ራሱን አስይዛችሁ ላኩ፤ «የራቭ ፎር ፓምፕ» ብሎ የተላከ ሰው የሌላ ዘመን ፓምፕ ይዞ 350 ኪሎ ሜትር ይመለሳል።

በቅርቡ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን የገዙ ወዳጆቼ ይህ ሁሉ እነርሱን እንደማይመለከት ይነግሩኛል። በእርግጥ የሞተር ዘይትና ካንዴላ የለባቸውም፤ ቁልቁለትም ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ይገታቸዋል፥ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ግን ይህ መግቻ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የእግር ፍሬን ነው፥ እርሱም ዘይት አለው። ቦልጆይንት አላቸው፥ ጎማ አላቸው፥ የሴሚያስ ላስቲክም አላቸው።

ስለ ባትሪና ስለ ዲናሞ የያዝሁት ጽሑፍ በእጄ ነበር፤ ሰዓቱ ስለ ደረሰ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።